ወጣት ተጫዋቾች ከኤኤፍኤል ድራፍት በፊት እንዴት ይመዘናሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የተሰበሰቡት ጥያቄዎች የአውስትራሊያ ፉትቦልን በቅርቡ መከታተል ከጀመሩ ተመልካቾችና ልጆቻቸው ጨዋታውን ከሚጫወቱ ወላጆች ዘንድ በብዛት የሚነሱ ናቸው። ወራቱና ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ድራፍቱ ምንድን ነው? ክለቦችስ የሚመርጡት በምን ቅደም ተከተል ነው?

በአውስትራሊያ ፉትቦል ሊግ፣ በአጭሩ ኤኤፍኤል በሚባለው ውድድር የሚካፈሉት 18 ክለቦች፣ ወጣት ተጫዋችን እንደ አውሮፓ እግር ኳስ ክለቦች በግል ተደራድረው አያስፈርሙም። በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ በሚካሄደው ብሔራዊ ድራፍት ተራ በተራ ስም እየጠሩ ይመርጣሉ። በደረጃ ሰንጠረዡ ግርጌ ላይ የጨረሰው ክለብ ቀድሞ ሲመርጥ፣ ዋንጫውን ያነሳው ክለብ ተራው የሚደርሰው በዙሩ መጨረሻ ላይ ነው። የመጀመሪያው ድራፍት የተካሄደው በ1986 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ሊጉ ገና የቪክቶሪያ ፉትቦል ሊግ ይባል ነበር፤ የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ1990 ነው። ክለቦች የምርጫ ተራቸውን ከሌላ ክለብ ጋር መለዋወጥ ይችላሉ፤ ከ2018 ወዲህ ደግሞ ይህን ልውውጥ በምርጫው ምሽት ጭምር እንዲያደርጉ ተፈቅዶላቸዋል።

በዚህ ሥርዓት ተጫዋቹ ክለቡን አይመርጥም። ፐርዝ ያደገ የ18 ዓመት ልጅ ስሙ በብሪዝበን ክለብ ከተጠራ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሪቱ ሌላኛው ዳርቻ ይሄዳል። ቀጥሎ የምናያቸው ብዙዎቹ የምዘና ጉዳዮች ትርጉም የሚያገኙት ይህ ሲታወስ ነው።

ለድራፍት ለመቅረብ ዕድሜው ስንት መሆን አለበት?

በድራፍቱ ዓመት እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 18 ዓመት የሚሞላው ወጣት መቅረብ ይችላል። ደንቡ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በጃንዋሪ መጀመሪያ የተወለደና በዲሴምበር መጨረሻ የተወለደ ልጅ በአንድ ዓመት ድራፍት ውስጥ ጎን ለጎን ይቆማሉ ማለት ነው፤ በመካከላቸው አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀናት የቀሩት የዕድሜ ልዩነት አለ። በዚህ ዕድሜ አንድ ዓመት ማለት ብዙ ነው። ትከሻው የሰፋውና ጡንቻው የዳበረው ልጅ በእኩዮቹ ላይ የሚያሳየው የበላይነት ከችሎታው የመጣ ነው ወይስ ቀድሞ ከመጎልመሱ የሚለውን ሳይጠይቅ ስም የሚያስመዘግብ መልማይ፣ ሁለቱም ልጆች 22 ዓመት ሲሞላቸው ይጸጸታል። ስለዚህ በጥንቃቄ በተያዘ የመልማይ ማስታወሻ ውስጥ የትውልድ ወር ከስምና ከቁመት ቀጥሎ ይጻፋል።

ባለፉት ዓመታት ሳይመረጡ የቀሩ የ19 እና የ20 ዓመት ወጣቶችም መቅረብ ይችላሉ። እነርሱ ሲመዘኑ ጥያቄው ይገለበጣል፤ ከታናናሾቻቸው ጋር እየተጫወቱ ጎልተው መታየታቸው ብቻ በቂ ስላልሆነ፣ ከአዋቂዎች ጋር ሲሰለፉ ምን አሳዩ የሚለው ይመረመራል።

መልማዮች ተጫዋቾቹን የሚመለከቱት የት ነው?

ሜልበርን በምትገኝበት በቪክቶሪያ ግዛት ዋናው መድረክ በ1992 የተመሠረተው ከ18 ዓመት በታች የክልል ክለቦች ውድድር ነው። ለረጅም ዓመታት ቲኤሲ ካፕ ሲባል የነበረው ይህ ውድድር አሁን ታለንት ሊግ በሚለው ስም ይታወቃል። እንደ ኦክሌይ ቻርጀርስ፣ ሳንድሪንግሃም ድራጎንስ፣ ዳንደኖንግ ስቲንግሬይስ እና ቤንዲጎ ፓዮኒርስ ያሉ ክለቦች እያንዳንዳቸው ከተመደበላቸው አካባቢ ልጆችን ይሰበስባሉ። በደቡብ አውስትራሊያና በምዕራብ አውስትራሊያ ደግሞ ወጣቶቹ የሚያድጉት በየግዛቱ ነባር ክለቦች የወጣት ቡድኖች ውስጥ ሲሆን፣ ጎበዞቹ በዚያው ዓመት ወደ አዋቂዎቹ ቡድን ከፍ ይላሉ።

በዓመቱ አጋማሽ ላይ ከ18 ዓመት በታች ብሔራዊ ሻምፒዮና ይካሄዳል። ቪክቶሪያ በሜትሮ፣ ማለትም በከተማ፣ እና በገጠር ተከፍላ ሁለት ቡድን ታሰልፋለች፤ ደቡብና ምዕራብ አውስትራሊያ አንድ አንድ ቡድን አላቸው፤ የቀሩት ግዛቶች ልጆች ደግሞ አላይስ በሚባለው ጥምር ቡድን ይሰለፋሉ። በዚህ ውድድር የሚታየው ጨዋታ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ክብደት ይሰጠዋል፤ ምክንያቱም ልጁ በሳምንታዊ ውድድሩ የማያገኛቸውን እኩዮቹን የሚገጥመው በዚያ ነው።

አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። በሜልበርን ከፍተኛ ክፍያ የሚጠይቁ የግል ትምህርት ቤቶች የራሳቸው የፉትቦል ውድድር ስላላቸው፣ በእነርሱ ዘንድ የሚማር ልጅ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ለትምህርት ቤቱ ተሰልፎ ያሳልፋል። በታለንት ሊግ የሚታየው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። በአንጻሩ ከቪክቶሪያ ገጠር የመጣ ልጅ ለልምምድ ብቻ በመኪና ረጅም መንገድ ይመላለሳል። ሁለቱን በተጫወቱት ጨዋታ ብዛት ወይም ባስመዘገቡት ቁጥር ማወዳደር ፍትሐዊ አይሆንም።

አንድ መልማይ ጨዋታ ሲመለከት ዓይኑን የሚጥለው ምን ላይ ነው?

ተራው ተመልካች ኳሷን ይከተላል፤ መልማዩ ልጁን ይከተላል። ኳሷ በሜዳው ማዶ ሳለች የት እንደሚቆም፣ ቡድኑ ኳስ ሲነጠቅ ወዲያው ዞሮ ወደ ኋላ ይሮጥ ወይም እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይመለከት እንደሆነ፣ ከጓደኛው ስህተት በኋላ ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳይ ይመዘግባል። ሜዳው እስከ 185 ሜትር ሊረዝም በሚችልበትና በእያንዳንዱ ወገን 18 ተጫዋች በሚሰለፍበት ጨዋታ፣ ጎበዝ የሚባለው አማካይ እንኳ ኳሷን በእጁ የሚይዘው ከጨዋታው ጊዜ እጅግ በጣም ጥቂቱን ነው። የቀረውን ጊዜ ያላየ ሰው ልጁን አየሁት ለማለት ይከብደዋል።

ኳሷ አጠገብ ሲሆን ደግሞ የሚፈለገው ንጽሕና ነው። ዳኛው ኳሷን ወደ ላይ ይወረውራል፤ ራክ የሚባሉት ሁለቱ ረጃጅም ተጫዋቾች ይዘላሉ፤ ኳሷ ተነክታ ትወድቃለች። አንዱ ልጅ ከመድረሱ በፊት ቀና ብሎ በግራው ማን እንዳለ ያያል፤ ጎንበስ ብሎ በአንድ ንክኪ ያነሳታል፤ ሳይቆምም ቀድሞ ላየው ጓደኛው በቡጢ መትቶ ያቀብላታል። ሌላው ልጅ በሌላ አጋጣሚ በፍጥነቱ ከሁሉም ቀድሞ ይደርሳል፤ ኳሷ ግን ከእጁ ታፈተልካለች፤ ዳግም ሲያነሳት ተከቧል፤ አማራጭ ሲያጣ ወደ ፊት እንዲያው ይለጋታል። በጨዋታው ማብቂያ በሁለቱም ስም አንድ አንድ ኳስ ማግኘት ይመዘገባል። በወጣቶች ውድድር ሁለተኛው ልጅ ኳሷን ዳግም ለማንሳት ጊዜ አግኝቷል፤ በኤኤፍኤል ያ ጊዜ የለም።

በእኔ አስተያየት የዚህ ሥራ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። የሚመዘነው ልጁ ዛሬ ምን ያህል ያሸንፋል የሚለው ሳይሆን፣ የሚያሸንፍበት መንገድ ከእርሱ የጠነከሩና የፈጠኑ ሰዎችን ሲገጥምም ይሠራለታል ወይ የሚለው ነው። በክብደቱ ብቻ የሚያሸንፍ ልጅ መሣሪያው ነገ ይወሰድበታል፤ ቀድሞ በማየትና በንጹሕ እጅ የሚያሸንፈው ግን መሣሪያውን ይዞ ይሻገራል።

የኳስ አመታት እንዴት ይገመገማል?

ርቀት ብቻውን ብዙ አይናገርም። በመጀመሪያ የሚታየው ኳሷ ከእጅ ወደ እግር የምትወርድበት አኳኋን ነው። ጥሩ መቺ ኳሷን ከእግሩ ጋር በሚሄደው እጁ ይዞ ዝቅ ካለ ከፍታ ላይ ቀጥ አድርጎ ይለቃታል፤ ስትመታም ወደ ኋላ እየተሽከረከረች ቀጥታ ትጓዛለች። ከደረቱ ከፍታ የሚለቅ ወይም ኳሷን ወደ ጎን የሚወረውር ልጅ ግን፣ ነፋስ በሌለበት ቀን ጥሩ መስሎ ቢታይም፣ በሩጫ ላይ ሳለና ተከላካይ ሲደርስበት ምቱ ይበላሽበታል። ይህ ጉድለት በልምምድ ሊታረም ይችላል፤ ሆኖም ጊዜ የሚፈጅና ተስፋ የሚያስቆርጥ ሥራ መሆኑን አሠልጣኞች ሁሉ ያውቃሉ።

ቀጥሎ የሚታየው በደካማው እግሩ ምን እንደሚያደርግ ነው። ሁልጊዜ ወደ ቀኙ ዞሮ የሚመታ ልጅ በአዋቂዎች ሊግ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይታወቅበታል፤ ተቃራኒዎቹም ያንን መንገድ ይዘጉበታል።

ሦስተኛውና በጣም አስፈላጊው ውሳኔው ነው። በ40 ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ነጻ ጓደኛውን አይቶ የመታ ግን ትንሽ የሳተ ልጅ፣ ሁልጊዜ አጠገቡ ላለው ሰው ከሚያቀብልና ስህተት ከማይሠራው ልጅ የተሻለ ተስፋ ሊኖረው ይችላል። በወረቀት ላይ ግን ሁለተኛው የተሻለ የምት ስኬት አለው። ይህን ልዩነት የሚያሳየው ቪዲዮው ነው፤ ሰንጠረዡ አይደለም።

ታዲያ ቁጥሮች ጥቅም የላቸውም ማለት ነው?

አላቸው፤ ግን ሲጠየቁ ነው የሚመልሱት። የሊጉን ይፋዊ መረጃ የሚሰበስበው ቻምፒየን ዳታ የተባለው የሜልበርን ድርጅት ሲሆን፣ ዛሬ የወጣቶቹም ጨዋታ በዝርዝር ይመዘገባል። አንድ ልጅ 30 ጊዜ ኳስ አገኘ ሲባል፣ ከእነዚያ ውስጥ በግብግብ መሐል ያገኛቸው ስንት ናቸው፣ ነጻ ቆሞ የተቀበላቸውስ? ጎል ወደተቆጠረበት ሰንሰለት የገቡትስ? ከኋላ መስመር የሚጫወትና ቡድኑ በተጠቃ ቁጥር ጨዋታውን እንደገና የሚያስጀምር ልጅ ቁጥሩ ያለ ድካም ይከማችለታል። በአንጻሩ ትንሽ አጥቂ በቀን 10 ኳስ ብቻ ነክቶ ሦስት ጎል ሊያስቆጥርና ተከላካዮችን አራት ጊዜ ይዞ ሊጥል ይችላል፤ እንዲህ ያለው ተጫዋች በቁጥር ብዛት ብቻ ከተመዘነ ይጠፋል።

ቁጥር በጣም የሚጠቅመው ዓይን የሳተውን ለማስታወስ ነው። አንድን ልጅ በመጥፎ ቀኑ አንድ ጊዜ አይቶ የዘጋ መልማይ፣ የዓመቱ መዝገብ ሌላ ነገር ሲነግረው ተመልሶ ሄዶ ማየት አለበት።

በጥምር ፈተናው ላይ ምን ይለካል? ውጤቱስ ምን ያህል ይወስናል?

የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ፣ ብዙውን ጊዜ በኦክቶበር መጀመሪያ፣ ክለቦች ስማቸውን ያስያዟቸው ተጫዋቾች ድራፍት ኮምባይን ወደሚባለው ፈተና ይጠራሉ። እዚያ የ20 ሜትር የፍጥነት ሩጫ፣ በቁምና በመንደርደር የሚደረግ የከፍታ ዝላይ፣ በዘንጎች መካከል እየታጠፉ የሚሮጡት የቅልጥፍና ፈተና እና የ2 ኪሎ ሜትር ሩጫ ይካሄዳል። 20 ሜትርን ከ2.9 ሰከንድ በታች የሚሮጥ እንደ ፈጣን ይቆጠራል፤ 2 ኪሎ ሜትርን ወደ 6 ደቂቃ አካባቢ የሚጨርስ ደግሞ እንደ ጽኑ ሯጭ ይታያል። የኤኤፍኤል አማካይ በአንድ ጨዋታ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሮጥ የጽናት ፈተናው ቀልድ አይደለም።

ይሁን እንጂ ቴሌቪዥን ለዚህ ፈተና የሚሰጠው ትኩረት ከሚገባው በላይ ይመስለኛል። ክለቦቹ ልጁን ሁለት ዓመት ሲከታተሉት ቆይተዋል፤ ሩጫው አዲስ ሐሳብ የሚሰጣቸው ከሚያውቁት ጋር ሲጋጭ ብቻ ነው። በጨዋታ ላይ ዝግተኛ የመሰላቸው ልጅ በፈተናው ፈጣን ከሆነ፣ ችግሩ የእግር ሳይሆን የመወሰን መዘግየት ነው ማለት ነው። በፈተናው ዝግተኛ ሆኖ በሜዳ ላይ ግን የማይደረስበት ከሆነ ደግሞ ቀድሞ የማንበብ ችሎታው ትልቅ ነው፤ በእኔ ሚዛን ሁለተኛው ይሻላል።

ቁመትና የጨዋታ ቦታ ምዘናውን እንዴት ይለውጣሉ?

በጣም ይለውጡታል። አማካይ ተጫዋች በመጀመሪያው ዓመቱ ሊሰለፍ ይችላል፤ ረጅም ተከላካይ ወይም ራክ ግን ሰውነቱ እስኪጠነክር ዓመታት ይፈጅበታል። ማክስ ጎውን በ2009 በሜልበርን ክለብ በ34ኛ ተራ ሲመረጥ ከ2 ሜትር በላይ የሆነ ቀጭን ልጅ ነበር፤ የዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው በ2016 ነው። ከዚያ ወዲህ ግን በጨዋታው ታሪክ ከታዩት ምርጥ ራኮች ተርታ ተሰልፏል። ክለቦች በመጀመሪያዎቹ ተራዎች ራክ ለመምረጥ የሚያመነቱት ለዚህ ነው፤ የሚጠበቀው ፍሬ ሌላ አሠልጣኝ በኃላፊነት ላይ ሳለ ሊደርስ ይችላል።

ረጅም ተጫዋች ለማግኘት አንዳንዶቹ ከጨዋታው ውጭ ይፈልጋሉ። 2 ሜትር ከ11 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመው አሜሪካዊው ሜሰን ኮክስ ቀድሞ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች የነበረ ሲሆን፣ በ2023 ከኮሊንግዉድ ጋር ዋንጫ አንሥቷል። ጌሊክ ፉትቦል ከሚባለው የአየርላንድ ባህላዊ ጨዋታ የመጡት ዛክ ቱሂ እና ማርክ ኦኮነርም በ2022 ከጂሎንግ ጋር ባለ ዋንጫ ሆነዋል።

ጉዳት ያጋጠመው ልጅ ከዝርዝር ይወጣል?

አይወጣም፤ ነገር ግን ዋጋው ይለወጣል። የክለብ ሐኪሞች የእያንዳንዱን ልጅ የጉዳት ታሪክ ይመረምራሉ፤ በተለይ የጉልበት ጅማት መበጠስ፣ የትከሻ መውለቅ እና ተደጋጋሚ የጭንቅላት ምት በጥብቅ ይታያሉ። ክሪስ ጀድ በ2001 ለድራፍት ሲቀርብ ትከሻዎቹ በቀዶ ሕክምና የተጠገኑ ነበሩ። ሆዞርን ሉክ ሆጅን፣ ሴንት ኪልዳ ሉክ ቦልን ከመረጡ በኋላ በሦስተኛ ተራ ወደ ዌስት ኮስት ሄደ። በ2004 እና በ2010 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን ብራውንሎው ሜዳሊያ ወሰደ። ሆጅም ቢሆን የሆዞርን የዋንጫ ዘመን አምበል ስለሆነ፣ ያ ክለብ ተሳሳተ ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ከሁለቱ ማን ይበልጣል የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም።

የልጁ ጠባይ እንዴት ይታወቃል?

ክለቦች ልጁን ቁጭ አድርገው ያነጋግሩታል፤ ቤቱ ሄደው ወላጆቹን ያገኛሉ፤ ለአሠልጣኞቹና ለመምህራኑ ይደውላሉ፤ የሥነ ልቦና መጠይቅም ያስሞላሉ። በቃለ መጠይቁ የተጠና መልስ የሚሰጥ ልጅ ብዙ ስለሆነ ልምድ ያለው ጠያቂ አንድ የጨዋታ ቁራጭ በቪዲዮ ከፍቶ «እዚህ ላይ ምን አይተህ ነው ወደዚያ የመታኸው?» ብሎ ይጠይቃል። ስህተቱን በግልጽ የሚያብራራ ልጅ ጨዋታውን ያውቃል፤ ጓደኛውን የሚወቅስ ልጅ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል።

ከቤት የመራቅ ጉዳይም እዚህ ውስጥ ይገባል። በ2021 የመጀመሪያው ተመራጭ የነበረው ጄሰን ሆርን-ፍራንሲስ በኖርዝ ሜልበርን አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ቆይቶ ወደ ትውልድ ግዛቱ፣ ወደ ፖርት አደሌድ ተመልሷል። ይህ የልጁ ጥፋት ነው ለማለት አልደፍርም፤ 18 ዓመት ትንሽ ዕድሜ ነው። ለመልማዩ ግን ሊመዘን የሚገባው እውነታ ነው።

የአባትና ልጅ ደንብ እና አካዳሚዎች ምንድን ናቸው?

አባቱ ለአንድ ክለብ ቢያንስ 100 የዋና ቡድን ጨዋታ የተጫወተ ልጅ ወደዚያ ክለብ የመግባት ቅድሚያ አለው። ሌላ ክለብ በተራው የልጁን ስም ሲጠራ፣ የአባቱ ክለብ ከያዛቸው የምርጫ ተራዎች ተመጣጣኝ ነጥብ ከፍሎ ይወስደዋል። የመጀመሪያው ተራ 3000 ነጥብ ሲያወጣ፣ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ዋጋው ይቀንሳል፤ ለክለቡ ይደረግ የነበረው የ20 በመቶ ቅናሽ ከ2025 ጀምሮ ወደ 10 በመቶ ዝቅ ብሏል። የፒተር ዴይኮስ ልጅ ኒክ በ2021 በዚሁ ደንብ በአራተኛ ተራ ወደ ኮሊንግዉድ ገብቷል።

የሲድኒ፣ የጂደብሊውኤስ (ግሬተር ዌስተርን ሲድኒ)፣ የብሪዝበን እና የጎልድ ኮስት ክለቦች ደግሞ ራግቢ በሚገንበት ሰሜናዊ ክፍል ስለሚገኙ የራሳቸውን አካዳሚ ያስተዳድራሉ፤ እዚያ ያደገውን ልጅ በተመሳሳይ መንገድ የመውሰድ ቅድሚያም አላቸው። ለገምጋሚው ይህ ሁሉ የልጁን ችሎታ አይለውጥም፤ የሚለውጠው በየትኛው ተራ እንደሚጠራ የሚደረገውን ግምት ነው። ሁለቱን ማደባለቅ በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

ከአፍሪካ ለመጡ ቤተሰቦች ልጆች የተለየ መንገድ አለ?

በ2016 የተጀመሩት የቀጣዩ ትውልድ አካዳሚዎች ለአገሬው ተወላጅ ልጆችና ቤተሰቦቻቸው እንደ አፍሪካና እስያ ካሉ አህጉራት ለመጡ ወጣቶች የተከፈቱ ናቸው። ክለቡ በተመደበለት አካባቢ ልጁን ያሠለጥናል፤ በድራፍት ጊዜ ደግሞ ቅድሚያ ያገኛል። ደንቡ ተደጋግሞ ተለውጧል። በ2020 ዌስተርን ቡልዶግስ የአካዳሚው ልጅ የሆነውን ጃማራ ኡግል-ሃገንን በአንደኛ ተራ ከወሰደ በኋላ ሊጉ ጠበቅ አደረገው፤ በዚህም ምክንያት በ2021 የሜልበርን አካዳሚ ያሠለጠነው የደቡብ ሱዳን ተወላጆች ልጅ ማክ አንድሩ በአምስተኛ ተራ ሲጠራ ሜልበርን ሊያስቀረው አልቻለም፤ ወደ ጎልድ ኮስት ሄደ። በኋላ ገደቡ ላልቷል።

በኬንያ ካኩማ የስደተኞች ካምፕ የተወለደው አሊር አሊር በ2013 በ44ኛ ተራ በሲድኒ ተመርጦ፣ በ2021 የፖርት አደሌድ ተጫዋች ሆኖ በዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ ተካቷል። ለብዙ ዓመታት የሆዞርን ተከላካይ የነበረው ቻንግኩዎት ጂያት ደግሞ የተወለደው ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ከደቡብ ሱዳናውያን ወላጆች ነው። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ጨዋታውን የጀመሩት እኩዮቻቸው ከአምስትና ስድስት ዓመታቸው ጀምሮ ከለመዱት ዘግይተው ስለሆነ፣ የአመታታቸው ወይም የአቋቋማቸው ጉድለት እንደ ችሎታ ማነስ ሊቆጠር አይገባም፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ምን ያህል አሻሻሉ የሚለው ይበልጥ ይናገራል። የቡልዶግስ ክለብ መቀመጫ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች በሚበዙበት የሜልበርን ሠፈር፣ በፉትስክሬይ መሆኑ ለአካባቢው ወላጆች መልካም አጋጣሚ ነው፤ ልጁ ፍላጎት ካለው የሠፈሩን የታዳጊዎች ክለብ ማስመዝገቢያ ቀን መጠየቅ የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

መልማዮች ምን ያህል ይሳሳታሉ?

ብዙ። የ2001 ድራፍት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሆዞርን ትሬንት ክሮድንና ሉክ ማክፋርሊንን ለፍሪማንትል ሰጥቶ 1ኛ፣ 20ኛ እና 36ኛ ተራዎችን አገኘ፤ በ1ኛው ሆጅን፣ በ36ኛው ሳም ሚቸልን መረጠ። ሚቸል አጭርና ዝግተኛ ነው ተብሎ ከአንድ ዓመት በፊት ማንም ሳይመርጠው ቀርቶ ነበር። በኋላ የክለቡ አምበልና ባለ ዋንጫ ሆነ፤ ዛሬም ዋና አሠልጣኙ ነው። በዚያው ድራፍት ዴን ስዋን በ58ኛ ተራ ተጠርቶ በ2011 ብራውንሎውን ወሰደ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2011፣ ላኪ ኒል በተመሳሳይ 58ኛ ተራ ተመረጠ፤ ያንን ሜዳሊያ በ2020 እና በ2023 ሁለት ጊዜ አጥልቋል። በኋላ ያንኑ ሜዳሊያ ያጠለቀው ጄምስ ሂርድ ደግሞ በ1990 የተመረጠው በ79ኛ ተራ ነበር።

እነዚህ ስሞች የሚያመሳስላቸው ነገር አላቸው። አብዛኞቹ የተዘለሉት በቁመት፣ በፍጥነት ወይም በሰውነት አቋም ምክንያት ነው እንጂ ኳስ ማግኘት ስለማይችሉ አልነበረም። በተቃራኒው ቀድመው ተመርጠው ያልተሳካላቸው ብዙዎቹ ሰውነታቸው ያማረ ረጃጅም አጥቂዎች ናቸው። የ2020 ድራፍት ደግሞ ሌላ ፈተና ነበረው፤ በኮቪድ ምክንያት የቪክቶሪያ ወጣቶች ውድድር ስላልተካሄደ ክለቦች የቪክቶሪያ ልጆችን የመረጡት በአብዛኛው ባለፈው ዓመት፣ ገና 17 ሳሉ ባዩት ነበር።

ሳይመረጥ የቀረ ልጅ ምን ያድርግ?

ከብሔራዊው ድራፍት ቀጥሎ ክለቦች ተጨማሪ ጀማሪዎችን የሚመርጡበት የሩኪ ድራፍት አለ፤ ከ2019 ወዲህ ደግሞ የውድድር ዘመኑ አጋማሽ ድራፍት ተመልሷል። በዚያው ዓመት ሪችመንድ በዚህ መንገድ የመረጠው የ27 ዓመቱ ማርሊየን ፒኬት የመጀመሪያ የኤኤፍኤል ጨዋታው የዋንጫው ፍጻሜ ሆነ፤ አሸንፎም ወጣ። ስለዚህ በየግዛቱ ሊግ ከአዋቂዎች ጋር መጫወት መቀጠል ባዶ ተስፋ አይደለም። ክለቦች ለዚህ ዓይነት ተጫዋች የሚጠይቁት አንድ የተለየ ነገር ነው፦ በወጣትነቱ ሳይመረጥ ያስቀረው ጉድለት አሁን ተስተካክሏል ወይ?

ይህ ሁሉ ለሴቶች ድራፍትም ይሠራል?

መሠረቱ አንድ ነው። የሴቶቹ ሊግ የተጀመረው በ2017 ሲሆን በሜዳ ላይ በእያንዳንዱ ወገን 16 ይሰለፋሉ። ከቅርጫት ኳስ፣ ከኔትቦልና ከእግር ኳስ ዘግይተው የሚመጡ ተጫዋቾች ስለሚበዙ፣ ከዛሬው ብቃት ይልቅ የመማር ፍጥነት የበለጠ ክብደት ይሰጠዋል።

ተመልካች የራሱን ዝርዝር ለማዘጋጀት ከየት ይጀምር?

ከአንድ ልጅ። የታለንት ሊግ ጨዋታ በሚደረግበት ሜዳ ተገኝተው አንድ ሩብ ሙሉ ዓይንዎን ከአንድ ተጫዋች ላይ ሳያነሡ ይመልከቱ፤ ስሙን፣ የትውልድ ወሩን፣ የተጫወተበትን ቦታ፣ በአንድ ንክኪ ያነሳቸውንና ያመለጡትን ኳሶች፣ በደካማ እግሩ የመታቸውን ይመዝግቡ። ያንኑ ልጅ ከጠንካራ ቡድን ጋር ሲገጥም እንደገና ይመልከቱት፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ቁጥሩን ይክፈቱ። ዝርዝርዎን በድራፍቱ ምሽት ከክለቦቹ ምርጫ ጋር ማነጻጸር ያጓጓል፤ ሆኖም ክለቦቹም ይሳሳታሉና እውነተኛው ማነጻጸሪያ ልጆቹ 22 እና 23 ዓመት ሲሞላቸው ስንት ጨዋታ እንደተሰለፉና በየትኛው ቦታ እንደጸኑ ነው። ለረጃጅሞቹ ሁለት ዓመት ይጨምሩላቸው።